የመጀመሪያ እትም የሙዚቃ ሸክላ ከዳግም እትም እንዴት ይለያል?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮና በጊንጪ የምንነግድ ሰዎች ማኛውን ጤፍ ከሠርገኛው፣ ንጹሑን ቅቤ ከተቀላቀለው ለመለየት አስተማሪ አያሻንም። ዓይናችንና አፍንጫችን ከልጅነት ጀምሮ ተለማምደውታልና። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ሱቃችን ደጃፍ የሚመጣ አንድ እንግዳ ሸቀጥ አለ፤ እርሱም አሮጌው የሙዚቃ ሸክላ ነው። ሸክላው የሚገኘው ከአባቶቻችን ሣጥን፣ ከተዘጉ መጠጥ ቤቶችና ከአሮጌ ሆቴሎች ዕቃ ቤት ነው። ገዢው ደግሞ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ ይመጣል። ገዢው የሚገዛውን ያውቃል፤ ሻጩ ግን የሚሸጠውን አያውቅም። እንዲህ ያለ ንግድ ደግሞ ለሻጩ መልካም ፍጻሜ ኖሮት አያውቅም።

እኔ በአምቦ ከተማ ሬዲዮ፣ የቤት ዕቃና ልዩ ልዩ ያገለገለ ዕቃ በሚነግዱ አንድ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ መዝገብ መያዝና ደረሰኝ መቍረጥ ነው። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ስለ ሙዚቃም የማውቀው በመስማት ያገኘሁትን ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገዛ እጄ የጻፍሁት አንድ ደረሰኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃዬ ከአንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ ስድስት ትልልቅ ሸክላዎች ገዙ። ሻጩ ሁሉም የጥንት ናቸው አላቸው፤ በእርግጥም ሽፋናቸው አቧራ የጠገበ፣ ማዕዘናቸውም የተበላ ነበር። ከእነርሱ አንዱን፣ ቤተ ዘመዱን ሊጠይቅ ከውጭ አገር የመጣ አንድ የጊንጪ ተወላጅ በብዙ ብር ገዛ። እኔም እንደ ተነገረኝ በደረሰኙ ላይ «የመጀመሪያ እትም» ብዬ ጻፍሁለት። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ተመለሰ። አልተቈጣም፤ ሸክላውን በጠረጴዛዬ ላይ አኖረና በሽፋኑ ጀርባ፣ በታችኛው ማዕዘን የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት በጥፍሩ ቀስ አድርጎ አነሣው። ከሥሩ ዛሬ በሳሙናና በብስኩት ላይ የምናየው ባለ መስመር ምልክት፣ ባርኮድ የሚባለው፣ ብቅ አለ። «ይህ በዚያን ዘመን ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አለቃዬ ገንዘቡን አንድ ሳንቲም ሳያጐድሉ መለሱለት፤ እርሳቸው የከፈሉትን ግን የሚመልስላቸው አላገኙም። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፈረን የሱቁ ማኅተም የተመታበት ያ ደረሰኝ ነው።

ከዚህ አስቀድሞ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥፋት ሠርተን ነበር። በጉደር ከተዘጋ አንድ መጠጥ ቤት ከሬዲዮግራም ጋር የመጣልንን አንድ ካርቶን ትንንሽ ሸክላ፣ አንዱን ከሌላው ሳንለይ፣ ለአንድ ወጣት ከነካርቶኑ ሸጥነው። በመዝገቤ ላይ «አሮጌ ሸክላ፣ 1 ካርቶን» ተብሎ ሰፍሮ ዛሬም ይገኛል። ከእነዚያም ብዙዎቹ አምሃ ሪከርድስ የሚል ጽሑፍ እንደ ነበረባቸው አስታውሳለሁ። እንግዲህ አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን እትም እንደ ቅራቅንቦ፣ ሌላ ጊዜ የኋለኛውን እትም እንደ መጀመሪያ ሸጥን ማለት ነው። ሁለቱም ጥፋት የመጣው ካለማወቅ ነው፤ ሁለቱንም ለማስቀረት የሚያስፈልገው ደግሞ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ምርመራ ብቻ እንደ ሆነ በኋላ ተማርሁ። ለሙያ ባልደረቦቼ ላካፍል የወደድሁትም ይህንኑ ነው።

የሸክላው ታሪክ በአጭሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ ሸክላዎቹ መቼና በማን እንደ ታተሙ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የሸክላ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙት በዚያ ነውና።

በ1948 በወጣ ንጉሠ ነገሥታዊ ትእዛዝ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር በድፍረት ያለፈው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ታዋቂ የነበረውን ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ፣ የተቀረጸውን ቴፕ ወደ ህንድ አገር ልኮ በሸክላ አሳተመ። በኋላም በሊባኖስ ያሳትም ነበር። በ1975 ወደ አሜሪካ እስከ ሄደበት ጊዜ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽና ከአሥር በላይ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የእርሱን ፈለግ ተከትሎ የፊሊፕስ ኩባንያ የኢትዮጵያ ክፍል፣ ከ1973 ጀምሮም በአሊ ታንጎ ስም የሚታወቁት የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ካይፋ ሪከርድስ በሥራው ገቡ።

ያ ዘመን ሶል የሚባለው የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ ብርቱ ፍቅር ያገኘበት ጊዜ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ ከጄምስ ብራውን ጋር የሚነጻጸረው ስለዚህ ነው። ማኅሙድ አሕመድ፣ በወሊሶ ከተማ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ሌሎችም የአገራችንን ቅኝት ከዚህ ሙዚቃና ከጃዝ ጋር አዋሕደው በሸክላ አኖሩት። በ1974 የመንግሥት ለውጥ በመጣ ጊዜ ግን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋው። በ1970ዎቹ መጨረሻም ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። እንግዲህ የግል አሳታሚዎች የሠሩት የመጀመሪያው እትም ዘመን አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዋጋው የናረውም ስለዚህ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ከታተመው ብዙው ተሰብሯል፣ ተጭሯል ወይም ተጥሏል።

ከዚህ በኋላ ዳግም እትም መጣ። በ1986 በብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ፣ በ1975 በካይፋ የወጣውን የማኅሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» የያዘ ሸክላ ለአውሮፓ ገበያ አወጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ በሲዲ አሳተመ። በ2005 ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ፈላጊው በረከተ፤ በመሆኑም ሸክላ እንደ ገና መታተም ጀመረ። የ1977ቱ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» በ2014፣ ሙላቱ በ1972 በኒው ዮርክ ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017፣ የአያሌው መስፍንም ዜማዎች በ2018 በአሜሪካና በእንግሊዝ አሳታሚዎች በአዲስ ሸክላ ወጡ።

ሦስት ዓይነት ሸክላ እንዳለ

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር እለምናለሁ። ዳግም እትም ሐሰተኛ ዕቃ አይደለም። በፈቃድ የታተመ፣ ዘፋኙ ወይም ቤተሰቡ የድርሻውን የሚያገኝበት ዳግም እትም የተከበረ ሸቀጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ድምፁ ከአሮጌው የጠራ ነው። ሙዚቃውን ለመስማት ብቻ ለሚፈልግ ገዢ እኔ ራሴ እርሱን እመክራለሁ።

እንግዲህ በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ሸክላ አለ። አንደኛው በዘመኑ በመጀመሪያው አሳታሚ የወጣው የመጀመሪያ እትም ነው። ሁለተኛው በኋላ ዘመን በፈቃድ የታተመው ዳግም እትም ነው። ሦስተኛው ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተባዛው ቅጂ ነው። ይህ ሦስተኛው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ከሚጠብቀው መብት ጋር የሚጋጭ ስለ ሆነ፣ ራሱን የሚያከብር ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ ባያኖረው ይሻለዋል።

የዋጋው ልዩነት የዋዛ አይደለም። በውጭ ገበያ አዲስ የታተመ ትልቅ ሸክላ በጥቂት አሥር ዶላሮች ሲገኝ፣ በደኅና ሁኔታ ያለ የዚያ ዘመን ትንሽ ሸክላ ከመቶ ዶላር በላይ የሚያወጣበት ጊዜ አለ፤ ብርቅ የሆነ ትልቅ ሸክላ ደግሞ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን በአንደኛው ስም መሸጥ ሰርገኛን በማኛ ዋጋ ከመሸጥ እጅግ የከፋ ነው።

የሚመረመሩት ስድስት ነገሮች

አንደኛው የዘመን ጥያቄ ነው። ሸክላውን ከመንካታችሁ በፊት፣ ይህ ሙዚቃ በዘመኑ በሸክላ ወጥቶ ነበርን ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» የወጣው በ1985 በካሴት ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ በሸክላ ተቀርጾ ብታገኙት፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያረጅ ኋላ የታተመ መሆኑ አያጠራጥርም። እንደዚሁም አምሃ ሪከርድስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሸክላ ባለቤቱ ከ1969 በፊት የተገዛ ነው ቢል፣ ወይ ተሳስቷል ወይ ተረስቶታል።

ነገር ግን በዚህ በኩል የአገራችን ሰው የሚሳሳትበት አንድ ወጥመድ አለ፤ እርሱም የዘመን አቈጣጠር ነው። አንድ አባት «በ66 ነው የገዛሁት» ቢሉ የሚናገሩት በእኛው አቈጣጠር ስለ ሆነ 1973 ወይም 1974 ማለታቸው ነው፤ ይህም ከአምሃ ሪከርድስ ዘመን ጋር ይስማማል። ቃላቸውን እንዳለ ለውጭ ገዢ ብትነግሩት ግን 1966 መስሎት «ያን ጊዜ ይህ አሳታሚ አልነበረም» ብሎ እውነተኛውን ዕቃ ሐሰት ያደርገዋል። ስለዚህ ዓመት ስትጽፉ የየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው በሸክላው መካከል የተለጠፈው ክብ ወረቀት ነው። በላዩ የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙና የዜማው ስም፣ እንዲሁም የእትሙ ቍጥር ይገኛል። የአምሃ ሪከርድስ ቍጥር በባለቤቱ ስም መነሻ በሆኑት በላቲኑ ኤ እና ኢ ፊደላት ይጀምራል፤ የካይፋው ደግሞ በኬ እና ኤፍ። በዳግም እትም ላይ ግን የአዲሱ አሳታሚ ስምና ቍጥር ብዙ ጊዜ በታናናሽ ፊደላት ከዳር ይታያል። አንዳንዱ አሳታሚ የጥንቱን ወረቀት መልክ እንዳለ ስለሚገለብጥ፣ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ የወረቀቱን ጠርዝ ዙሪያውን አንብቡ።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈ አድራሻም ዘመን ይናገራል። ይህን በአሜሪካኑ ሶል ሸክላ ላይ በግልጽ እናየዋለን። በየቤቱ ከሚገኙት የአትላንቲክ ኩባንያ ሸክላዎች መካከል ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የታተሙት 1841 ብሮድዌይ የሚል የኒው ዮርክ አድራሻ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ የታተሙት ግን 75 ሮክፌለር ፕላዛ ይላሉ። እንግዲህ በ1967 የወጣ የአሪታ ፍራንክሊን ሸክላ ይህን የኋለኛውን አድራሻ ይዞ ከተገኘ፣ ዜማው የ1967 ቢሆንም ሸክላው የኋላ ነው። ዜማው የተዘፈነበት ዓመትና ሸክላው የታተመበት ዓመት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚረሳ ነጋዴ ዘወትር ይሳሳታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ባዶው ቀለበት ነው። የመጨረሻው ዜማ ካለቀበት ቦይ ጀምሮ እስከ ክቡ ወረቀት ድረስ ሙዚቃ የሌለበት፣ ለስላሳ የሆነ ጥቁር ቀለበት አለ። ሸክላውን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ፣ ወይም የእጅ ስልክ መብራት በጐን አብርታችሁ ብትመለከቱ፣ በመርፌ የተጫሩ ወይም በብረት የተመቱ ቍጥሮችና ፊደላት ታያላችሁ። ይህ ጽሑፍ የተቀረጸው ፋብሪካው ሸክላውን ባተመበት ቅርጽ ላይ ስለ ሆነ፣ በወረቀትና በቀለም እንደሚደረገው በቀላሉ ሊለወጥ አይችልም። በቀለበቱ ያለው ቍጥር በክቡ ወረቀት ካለው ቍጥር ጋር ከተስማማ መልካም ምልክት ነው። ወረቀቱ የጥንቱን ቍጥር፣ ቀለበቱ ግን ሌላ ቍጥር ወይም የሌላ አሳታሚ ስም ከያዘ፣ ሸክላው ዳግም እትም ሊሆን ስለሚችል ሳይጣራ አይሸጥ። የአምቦን ውኃ በጠርሙሱ ሳይሆን በሚቈነጥጠው ጋዝ እንደምናውቀው፣ ሸክላንም በወረቀቱ ሳይሆን በቀለበቱ ማወቅ ይገባል። ሁለቱንም ገጽ ማየት አትርሱ፤ ያልተገላበጠ ያራል የሚለው ተረት ለዚህም ይሠራልና።

አራተኛው ሽፋኑ ነው። ባርኮድ ወደ ንግድ ዓለም የገባው በ1974 በአሜሪካ የምግብ መደብር ሲሆን፣ በሸክላ ሽፋን ላይ የተለመደው ከዚያ ብዙ ቈይቶ ነው። ስለዚህ ባርኮድ ያለበት የአምሃ ወይም የካይፋ ሽፋን የዘመኑ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻ ያለበትም እንደዚሁ ነው። በሽፋኑ ላይ የተለጠፈ የዋጋ ወረቀት ካለ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳታዩ አትግዙ፤ የእኛ ሱቅ የከሰረው በዚያች ትንሽ ወረቀት ነው። ደግሞም ፎቶግራፉንና ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ከአሮጌ ሽፋን ላይ ተነሥቶ የታተመ ከሆነ የፊደላቱ ጠርዝ የደበዘዘ ነው፤ አንዳንዴም የአሮጌው ሽፋን እጥፋትና ጭረት ራሱ ተነሥቶ ይታያል። በዓይን የሚታይ፣ በጣት ሲዳሰስ ግን የሌለ እጥፋት ካገኛችሁ ነገሩ ያለቀ ነው።

አምስተኛው ክብደት ነው። የዚያ ዘመን ትልቅ ሸክላ በአብዛኛው ከ150 ግራም አይበልጥም። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ግን 180 ግራም ናቸው፤ በሽፋናቸው ላይም ይህን ራሳቸው ይመሰክራሉ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን በየከተማችን ስላለ መመዘን አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ቀላል የሆነ ዳግም እትም ስለሚኖር፣ ክብደት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

ስድስተኛው ድምፁ ነው። ሸክላውን በማጫወቻው ላይ አኑራችሁ መርፌው ከዳር ሲገባ ሙዚቃው እስኪጀምር ያለውን ጸጥታ አድምጡ። አሮጌ ሸክላ በጸጥታውም በሙዚቃውም ውስጥ እኩል እንደሚቈላ ቆሎ ይንጣጣል። መግቢያው ፍጹም ጸጥ ያለ ሆኖ፣ መንጣጣቱ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ጀምሮ አብሮ የሚያቆም ከሆነ ግን፣ ያ ጩኸት የዚህ ሸክላ ሳይሆን ይህ የተገለበጠበት የሌላ አሮጌ ሸክላ ነው። ዋናው ቴፕ በመጥፋቱ ከሸክላ ላይ የተቀዳ እትም በዚህ ይታወቃል።

ስለሚያታልሉ ምልክቶች

ከእነዚህ በተቃራኒ ሰው ሁሉ የሚያምናቸው፣ ነገር ግን ምንም የማያስረዱ ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው እርጅና ነው። አቧራ በአንድ ሳምንት ይጠገባል፤ ማዕዘንም በአንድ ቀን ይበላል። ከዚህም በላይ ዳግም እትም ሁሉ አዲስ አይደለም። ከላይ የጠቀስሁት የ1986ቱ የብራስልስ እትም ራሱ ዛሬ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነው አሮጌ ሸክላ ነው። አርጅቷል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አይደለም።

ሁለተኛው የአገር ስም ነው። አንዳንድ ሰው በኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ ላይ በህንድ አገር ተሠራ ወይም በሊባኖስ ተሠራ የሚል ሲያነብ የተባዛ ዕቃ መስሎት ይጥለዋል። አምሃ ሪከርድስ ሸክላውን ያሳትም የነበረው በእነዚህ አገሮች ስለ ሆነ፣ ጽሑፉ እንዲያውም የእውነተኛነቱ ረዳት ነው። ከጉደር የመጣው ያ ካርቶን በአነስተኛ ዋጋ ሲሸጥ፣ እኔም በአንዱ ላይ የህንድን ስም አይቼ «የውጭ ቅጂ ነው» ብዬ ለአለቃዬ ተናግሬ ነበር። ምክሬ ትክክል አልነበረም።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ከአንድ ሣጥን ሳይወጣ የኖረ የመጀመሪያ እትም እንደ አዲስ ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ነው ብላችሁ ዋጋውን አትጣሉ። ደግሞም በወረቀቱ ወይም በሽፋኑ ላይ ያለውን የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ማኅተም፣ የባለቤቱን ፊርማ ወይም የመጠጥ ቤቱን ስም ለማሳመር ብላችሁ አትፋቁ። እርሱ እድፍ ሳይሆን ሸክላው የት እንደ ኖረ የሚናገር ምስክር ነው።

ስለ ደረሰኝና ስለ መዝገብ

አሁን በእኛ ሱቅ የሚሠራበትን ደንብ ልግለጽ። ሸክላ ሲመጣ «አሮጌ ሸክላ» ብሎ በጅምላ መመዝገብ ቀርቷል። ለእያንዳንዱ የዘፋኙ ስም፣ የአሳታሚው ስም፣ በክቡ ወረቀት ያለው ቍጥር፣ በሁለቱም ገጽ ቀለበት ላይ ያለው ቍጥር፣ ከማን እንደ ተገዛና የጭረቱ መጠን በየዓምዱ ይጻፋል። በደረሰኙም ላይ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይሰፍራል፦ «የመጀመሪያ እትም»፣ «ዳግም እትም» ወይም «እትሙ ያልተረጋገጠ»። ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ሦስተኛውን ቃል ለመጻፍ አናፍርም። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ማንም ተመልሶ አይመጣብንም።

የጭረቱን መጠን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በውጭ አገር ሰብሳቢዎች የደረጃ አሰጣጥ «ጥሩ» የሚለው ቃል እንደ ቃሉ አይደለም፤ ብዙ የተጫረና ብዙ የሚንጣጣ ሸክላ ማለት ነው። ከእርሱ በላይ «በጣም ጥሩ»፣ ከዚያም «እንደ አዲስ ያለ» የሚሉ ደረጃዎች አሉ። ስለዚህ ለውጭ ገዢ በደብዳቤም ሆነ በስልክ መልእክት ስትጽፉ፣ ጭረቱን በግልጽ ቃል ዘርዝሩ እንጂ ጥሩ ነው ብላችሁ አትለፉ።

በመጨረሻም ስለ ሻጩ ማለትም ሸክላውን ወደ እኛ ስለሚያመጣው ሰው አንድ ነገር ሳልል ብጨርስ ጽሑፌ ጐደሎ ይሆናል። ዕውቀት ሁለት ስለት አለው። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሣጥን ይዘው ሲመጡ፣ ከዚያ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ እትም እኛ አውቀን እርሳቸው ሳያውቁ በቅራቅንቦ ዋጋ ብንገዛ፣ ያ ወጣት በእኛ ላይ ያደረገውን በእርሳቸው ላይ ማድረጋችን ነው። አለቃዬ ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ ሣጥን በቀረበላቸው ጊዜ፣ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አስመርምረው፣ ሦስቱ የመጀመሪያ እትም መሆናቸውን ለባለቤቲቱ ነግረው፣ ለሦስቱ ለብቻ፣ ለቀሩት ለብቻ ዋጋ ቈረጡ። ከትርፋቸው ብዙ ቀነሰ። ወር ሳይሞላ ግን የእኒያ እናት ጎረቤት ከጌዶ ሌላ ሣጥን ይዘው መጡ፤ አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ሲችሉ ወደ እኛ ለምን እንዳመጡት ብጠይቃቸው፣ «እዚያ ቤት ያላቸውን ዋጋ ይነግራሉ ብላኝ ነው» አሉኝ።

ያ የጊንጪ ተወላጅም ባለፈው ጥር ተመልሶ መጥቶ ነበር። አንድ ትንሽ ሸክላ መረጠ፤ እኔም ቀለበቱን በመብራት አሳይቼው፣ ቍጥሩን አንብቤለት፣ በደረሰኙ ላይ «የመጀመሪያ እትም» ብዬ ጻፍሁ። ደረሰኙን አንብቦ ወደ ኪሱ አስገባው፤ የዋጋውን ወረቀት ግን አላነሣም።